ሰር ሄንሪ ዴል እና የኤርጎት ምርምራቸው

ሰር ሄንሪ ሃሌት ዴል በ1875 በለንደን ከተማ ተወለዱ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ፊዚዮሎጂን፣ በለንደን ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ደግሞ ሕክምናን ከተማሩ በኋላ፣ በ1904 የዌልካም የፊዚዮሎጂ ምርምር ላቦራቶሪ ባልደረባ ሆኑ። ላቦራቶሪው የተቋቋመው በመድኃኒት ነጋዴ ገንዘብ ስለ ነበር፣ ከወዳጆቻቸው መካከል ይህን እርምጃ ያልወደዱላቸው ነበሩ።

ባለቤቱ ሄንሪ ዌልካም ለወጣቱ ተመራማሪ ያቀረቡላቸው የጥናት ርእስ ኤርጎት ነበር። ኤርጎት ራይ በተባለው የአውሮፓ እህል ዛላ ላይ የሚበቅል ጥቁር ፈንገስ ነው። አዋላጆች ማሕፀንን የማኰማተር ኃይሉን ዐውቀው ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ነገር ግን አልካሎይዶቹ የደም ሥርን ስለሚያጠቡ፣ ከእህል ጋር የተበላ እንደ ሆነ እጅና እግርን እስከ ማድረቅ ይደርሳል። በ1977 እና በ1978 በወሎ የደረሰው የኤርጎት መመረዝ ከሲናር ጋር ተቀላቅሎ በተበላ እህል የመጣ ነበር።

ዴል በዚህ ጥናት ላይ ሳሉ ከፋብሪካው የአድሬናል ዕጢ ጭማቂ ናሙና እንዲመረምሩ ተላከላቸው። ጭማቂው የደም ግፊትን ከፍ ማድረግ ሲገባው የድመቲቱን ግፊት ዝቅ አደረገው። እርሳቸውም ናሙናው የተበላሸ ነው ብለው ፈረዱበት። ሌላ ናሙና በመጣ ጊዜም ያው ሆነ። በዚህን ጊዜ ዴል ጥፋቱን በፋብሪካው ላይ ጥለው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን መዝገባቸውን ቢመለከቱ ሁለቱም እንስሳት አስቀድመው ኤርጎት ተሰጥቷቸው እንደ ነበር ተገነዘቡ። ኤርጎት የአድሬናሊንን የማጥበብ ሥራ አግዶ፣ የደም ሥርን የሚያላላውን ሥራ ሳይነካ ትቶታል ማለት ነው። ይህን በ1906 አሳተሙ። ምክንያቱንም አልኲስት በ1948 አልፋና ቤታ የተባሉትን ሁለት ተቀባዮች በመለየት የበለጠ አብራሩት።

በዚያው በ1906 ሌላ ፈተና ገጠማቸው። አድሬናሊን የሚለው ስም የተፎካካሪ ድርጅት የንግድ ምልክት ስለ ነበር በጽሑፋቸው እንዳይጠቀሙበት ተጠየቁ። ዴል ግን የሳይንስ ቃል በገበያ ጥቅም ሊለወጥ አይገባም በማለት ጸኑ፤ ዌልካምም በመጨረሻ እሺ አሉ።

ኤርጎት ሌሎች ነገሮችም ተገኝተውበታል። በ1910 ሂስታሚን ተለይቶ ወጣ። ጥቂት ቆይቶም ኬሚስቱ አርተር ዩዊንስ ከአንድ የኤርጎት ጭማቂ አሴቲልኮሊንን አገኙ። ዴል በ1914 ባሳተሙት ጥናት ይህ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ሲሰጥ የደም ሥሮችን አላልቶ ግፊትን በቅጽበት እንደሚያወርድና ወዲያው እንደሚጠፋ ገለጹ፤ በሰውነት ውስጥ የሚሰብረው ኢንዛይም መኖር እንዳለበትም ገመቱ። ሥራውንም በሁለት ከፈሉት፤ አንዱን ከእንጉዳይ በሚገኘው በሙስካሪን፣ ሌላውን ከትምባሆ በሚገኘው በኒኮቲን ሰየሙት። የመጀመሪያውን አትሮፒን፣ ማለትም የቤላዶና ተክል አልካሎይድ፣ ያግደዋል። ይህ አከፋፈል ዛሬም ለተማሪዎች ይሰጣል።

በ1929 ከዳድሊ ጋር አሴቲልኮሊንን በፈረስና በበሬ ጣፊያ ውስጥ አገኙት። የነርቭ መልእክት በኬሚካል እንደሚተላለፍ ስላስረዱም በ1936 ከኦቶ ሎዊ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ከ1928 እስከ 1942 የብሔራዊ ሕክምና ምርምር ተቋም ዲሬክተር፣ ከ1940 እስከ 1945 ደግሞ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ዴል በ1968 በካምብሪጅ በተወለዱ በ93 ዓመታቸው ዐረፉ። አሴቲልኮሊን የደም ሥርን እንዴት እንደሚያላላ ግን በዘመናቸው አልታወቀም ነበር። በ1980 ፈርችጎትና ዛዋድስኪ የሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ከተፋቀ መላላቱ እንደሚቀር አሳዩ፤ ከሽፋኑ የሚወጣው አላይ ነገርም ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ ከዚያ በኋላ ታወቀ። ዴል በ1914 የመዘገቡት የቅጽበት ግፊት መውረድ ማብራሪያውን ያገኘው ከሞቱ በኋላ ነው።