የመርዝ ሚዛን ሠሪው ፓውል ኤርሊኽ

ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. በሲሌዥያ ግዛት ሽትሬለን በተባለች ከተማ ከአይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ ልቡን የማረከው የቀለም ነገር ነበር። አንድ ቀለም አንዱን ሕዋስ መርጦ ሲይዝ ሌላውን እንደማይነካ አስተዋለ፤ በኋላም በበርሊን በሐኪምነት ሲሠራ ነጭ የደም ሕዋሳትን በሚይዙት ቀለም እየለየ መደባቸው። ማናቸውም ነገር በሕዋስ ላይ ኃይሉን የሚያሳየው አስቀድሞ ሲጣበቅበት ነው የሚለው እምነቱ ከዚህ የመነጨ ነው።

ይህ እምነት የተፈተነው በዘጊ አናዳ (ዲፍቴሪያ) ነው። በሽታው በዚያን ዘመን በአውሮፓ የብዙ ሕፃናትን ጉሮሮ እየዘጋ ይገድል ነበር። ቤሪንግና ኪታሳቶ በ1890 መርዙን የሚያከሽፍ ሴረም መገኘቱን ቢያስታውቁም፣ የአንዱ ብልቃጥ ኃይል ከሌላው አይመሳሰልም ነበር። ከዚህም የተነሣ ሐኪሙ ለታመመው ሕፃን ምን ያህል መስጠት እንደሚገባው በእርግጠኝነት ለማወቅ ይቸገር ነበር።

የሴረሙ ኃይል ይለካ የነበረው በመርዙ ነው፤ መርዝ ግን ሲቀመጥ ይደክማል። ኤርሊኽ እንዳስተዋለው፣ የቆየ መርዝ የመግደል ኃይሉ ቢቀንስም ጸረ መርዙን የመያዝ አቅሙ አይጎድልም። ስለዚህ መያዝና መግደል የመርዙ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ሥራ ነው ሲል ደመደመ።

እንግዲህ የሚለዋወጠውን ትቶ ጸንቶ የሚቆየውን መመዘኛ አደረገ። በ1897 ይፋ ባደረገው ዘዴ ጸረ መርዙ ደርቆ፣ አየር በሌለበት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ፣ ከብርሃንና ከሙቀት ተጠብቆ ይቀመጣል። 1 አሐድ ተብሎ የተወሰነው ጸረ መርዝ ከልዩ ልዩ የመርዝ መጠን ጋር እየተቀላቀለ 250 ግራም በሚመዝኑ ጊኒ ፒጎች ላይ ይሞከራል፤ እንስሳው በ4ኛው ቀን የሚሞትበት መጠን የፈተናው ልክ ይሆናል። አዲስ ሴረም ሁሉ ከዚሁ የመርዝ ልክ ጋር እየተቀላቀለ ይመዘን ጀመር።

ከዚህም ተነሥቶ ሕዋሳት መርዝ የሚጣበቅባቸው ተቀባዮች አሏቸው፣ እነዚህም ተትረፍርፈው ወደ ደም ሲገቡ ጸረ መርዝ ይሆናሉ የሚል ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። ቦርዴና አሬኒየስ አጥብቀው ተቃወሙት፤ መርዙን ወደ ብዙ ዓይነት የከፋፈለበት ስሌትም በኋላ ሳይጸና ቀርቷል። ሊቃውንቱ በንድፈ ሐሳቡ ሲከራከሩ መለኪያው ግን አልተነቃነቀም። ኤርሊኽ በ1908 የኖቤልን ሽልማት ከሜችኒኮፍ ጋር ተካፈለ፤ በ1915 ዐረፈ። አሐዱንም በ1922 የዓለም መንግሥታት ማኅበር ዓለም አቀፍ መለኪያ አድርጎ ተቀበለው።

ዛሬ ተመራማሪዎች የባክቴሪያን መርዝ ከሚያበራ ቀለም ጋር አያይዘው፣ በሰው ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ምን ያህል እንደተጣበቀ በብርሃኑ መጠን ይለካሉ፤ ሕዋሱ መሞቱንም ለብቻው ይመረምራሉ። መጣበቅንና መግደልን ለይቶ መመዘን የኤርሊኽ ውርስ ነው። እኛም መሐንዲሶች ከእርሱ የምንማረው፣ ከመለካት አስቀድሞ መለኪያው ራሱ የማይለወጥ መሆኑን ማረጋገጥን ነው።