ቫልቫሶርና ወንዝ የሚውጠው ሜዳ

በሀገራችን በባሌ የወይብ ወንዝ በሶፍ ዑመር ዋሻ ገብቶ በሌላ በኩል እንደሚወጣ በጂኦግራፊ ትምህርት ሰምተናል። ይህም የሆነው የቦታው ድንጋይ ውሃ የሚያሟሟው የኖራ ድንጋይ ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአውሮፓም በስሎቬንያ አገር ይገኛል፤ ምስጢሩንም በካርታ አስቀርጾ ለዓለም ያሳወቀው ሰው ዮሐን ቫይካርድ ቫልቫሶር ይባላል።

ቫልቫሶር በ1641 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በልዩብልያና ከተማ ከመኳንንት ወገን ተወለደ። አገሩ በዚያን ጊዜ ካርንዮላ ትባል ነበር። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በአውሮፓና በሰሜን አፍሪካ ብዙ ዓመት ተዘዋወረ። ተመልሶም በ1672 የቦገንሽፐርክን ግንብ ገዛ፤ በ1678 ደግሞ በዚያው ግንብ የመዳብ ቅርጽ ማተሚያ አቋቋመ። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀራጩ በለሰለሰ መዳብ ላይ ሥዕሉን በብረት መቅረጫ ግራውን ቀኝ አድርጎ ይቈፍራል፤ ከዚያም ቀለም በፍንክቱ ይሞላል፤ ላዩን ይጠርጋል፤ እርጥብ ወረቀትም አልብሶ በመጫኛ ያትመዋል። አንድ መሥመር ከተሳሳተ ማረሙ አስቸጋሪ ነው።

ቫልቫሶርን ይበልጥ ያስደነቀው የጸርክኒጻ ሐይቅ ነበረ። ይህ ሐይቅ ሲሞላ ከ20 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ሲጐድል ግን ስትርዠን የተባለው ወንዝ ብቻ በሜዳው ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው በአንድ ወቅት ዓሣ ባጠመደበት ቦታ በሌላው ወቅት ሣር ያጭዳል። ውሃው የሚሰርገው በጕድጓዶች ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ሬሼቶ ይባላል፤ ትርጓሜው ወንፊት ነው። (እንዴት ያለ ተገቢ ስም ነው!) ከሜዳው የገባው ውሃ ራክ፣ ኡኒጻ፣ ልዩብልያኒጻ እየተባለ ስሙን እየለወጠ ይወጣል፤ ይገባል፤ እንደ ገናም ይወጣል።

ቫልቫሶር ራሱ በቦታው ተገኝቶ ሐይቁን መረመረ፤ ጕድጓዶቹም በካርታ ተቀረጹ። ጽሑፉን ወደ ለንደን የንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ስለ ላከ፣ በታኅሣሥ 1687 የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ። ከተራራው በታች ሌሎች የውሃ ማጠራቀሚያዎች እንዳሉና በጠማማ ቧንቧ መሰል መንገዶች እንደሚገናኙ ገምቶ ነበር። የኋላ ሊቃውንት ግን ነገሩ ከዚህ የቀለለ መሆኑን አገኙ፤ የሚገባው ውሃ ጕድጓዶቹ ሊውጡት ከሚችሉት ሲበልጥ ሜዳው ይሞላል፤ ሲያንስ ይደርቃል። ቢሆንም ተአምር ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ምክንያት መፈለጉ የሚያስመሰግነው ይመስለኛል።

በ1683 ከቱርኮች ጋር በተደረገው ጦርነት ጭፍራ መርቶ ዘመተ። በ1689 የካርንዮላን ክብር የሚገልጸውን ታላቅ መጽሐፉን በኑረንበርግ አሳተመ፤ መጽሐፉ አራት ጥራዝ፣ ከ3500 ገጽ በላይና ከ500 በላይ የመዳብ ሥዕሎች አሉት። ነገር ግን የወረቀቱ፣ የቀራጮቹና የማተሚያው ዋጋ ሀብቱን ሁሉ ጨረሰው። ከ1500 የሚበልጡ መጻሕፍቱንና በሺህ የሚቈጠሩ ሥዕሎቹን በ1690 ለዛግሬብ ጳጳስ ሸጠ፤ ቀጥሎም ግንቡን ሸጠ። በ1693 በክርሽኮ ከተማ ደኽይቶ ሞተ።

ስሎቬንያ ነፃ ከወጣች በኋላ መልኩ በ20 ቶላር ኖት ላይ ታተመ፤ ይህም ገንዘብ በ2007 በዩሮ እስኪተካ ድረስ ሲሠራበት ኖረ። የሸጣቸው መጻሕፍት ግን እስከ ዛሬ በዛግሬብ ይገኛሉ።