ሐዲስ ዓለማየሁ

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ (1902–1996 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ አርበኛና ዲፕሎማት ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸው ነው። የሬዲዮ ሞገድና የጠፈር አጠቃቀም ዓለም አቀፍ ሥርዓት በሚቀረጽበት ዘመንም አገራቸውን በውጭ ወክለዋል።

ልጅነትና ትምህርት

የተወለዱት በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ነው። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በቢቸና አካባቢ በሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ተከታተሉ። በኋላም ዘመናዊ ትምህርት ተምረው በመምህርነት አገልግለዋል።

ጦርነትና እስር

ፋሺስት ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ። በ1929 ዓ.ም. ተማርከው በጣልያን አገር እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ታስረዋል። በዚያ ጦርነት ጣልያን የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት የከለከለውን የመርዝ ጋዝ ተጠቅማለች፤ ስምምነቱን ግን ራሷ ፈርማ ነበር።

የዲፕሎማሲ ሥራ

በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ ከተማ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ኢትዮጵያን ወከሉ። ጉባኤው አገሮች የሚጠቀሙበትን የሬዲዮ ሞገድ የሚመዘግብ ቦርድ አቋቋመ። ዛሬም የሳተላይት ሞገድና ምሕዋር የሚመዘገበው በዚሁ ድርጅት፣ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በኩል ነው።

ከ1956 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ተወካይ ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ያመጠቀችው በዚሁ ጊዜ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በ1959 እ.ኤ.አ. ጠፈር ለሰላም እንዲውል የሚሠራ የ24 አገሮች ቋሚ ኮሚቴ ሲያቋቁም ከአፍሪካ የተካተተችው በተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ስም የነበረችው ግብፅ ብቻ ነበረች። ኢትዮጵያ በ1967 እ.ኤ.አ. የጠፈር ስምምነትን ፈረመች፤ ሆኖም ለአሥርተ ዓመታት ሳታጸድቀው ቆይታለች። ስምምነቱ ማንም አገር ጨረቃን ወይም ሌላ የሰማይ አካል የራሱ እንዳያደርግ፣ የኑክሌር መሣሪያም በምሕዋር ላይ እንዳይቀመጥ ይከለክላል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና መጥቃለች።

የኋላ ዘመን

ሐዲስ በእንግሊዝ አምባሳደር፣ በአገር ቤትም ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የቀረበላቸውን የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት አልተቀበሉም። «ወንጀለኛው ዳኛ»፣ «የልም እዣት» እና «ትዝታ» የተባሉትን መጻሕፍት ጽፈው በ1996 ዓ.ም. አርፈዋል።