ራቢ ዳዊት ኦፐንሃይምና መጻሕፍቱ

መጽሐፍ የሰበሰበ ሁሉ መጽሐፉን ካጠገቡ አያገኝም። ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርበው ሰው የዚህ ምስክር ነው። ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዳዊት ኦፐንሃይም በ1664 በጀርመን አገር በዎርምስ ከተማ ተወለደ። ወገኖቹ ባለጸጎች ነበሩ። አጎቱ ሳሙኤል ኦፐንሃይመር ለኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ጦር ስንቅና ገንዘብ ያቀርብ ነበር፤ አማቱ ሌፍማን ቤረንስም በሐኖቨር መሳፍንት ዘንድ የታመነ ባለገንዘብ ነበር። ዳዊት ግን ሀብቱን ያዋለው ለመጻሕፍት ነው።

በዚያን ጊዜ የጥንት የዕብራይስጥ ኅትመት ብርቅ ነበር። ይኸውም ኅትመቱ በ15ኛው ምዕተ ዓመት በጣሊያን ቢጀመርም፥ በ1553 በሮም አደባባይ ታልሙድ በእሳት ስለ ተቃጠለና ሳንሱሩም ስለ በረታ ነው። ዳዊት ከቃጠሎና ከሳንሱር የተረፈውን እየፈለገ ገዛ። ሌላው ንቆ የሚጥለውን በይዲሽ ቋንቋ የታተመ ትንሽ መጽሐፍ እንኳ አላለፈም፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ዛሬ የተገኙት በእሱ እጅ ብቻ ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲታተም ደግሞ ለራሱ በብራና ወይም በሰማያዊ ወረቀት ያሳትም ነበር።

በ1702 የፕራግ ራቢ ሆነ። ሹመቱ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን በፕራግ የካቶሊክ መርማሪዎች የዕብራይስጥ መጻሕፍትን ይወርሱ ስለ ነበር፥ ቤተ መጻሕፍቱን በሐኖቨር በአማቱ ዘንድ አኖረ። ስለዚህ ሰውዬው በአንድ አገር፥ መጻሕፍቱ በሌላ አገር ሆነው ኖሩ። በ1736 በፕራግ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ስብስቡ ከወራሽ ወደ ወራሽ አለፈ፤ በሐምቡርግም በ28 ሣጥኖች ታሽጎ ብዙ ዘመን ተቀመጠ። በመጨረሻ በ1829 የኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት በ2,080 ፓውንድ ገዛው። የታተሙት 4,220፥ በእጅ የተጻፉት 780 ያህል ነበሩ። ሞሪትዝ ሽታይንሽናይደር የተባለው ሊቅ ከ1852 እስከ 1860 የቦድሊያንን የዕብራይስጥ ኅትመቶች ዝርዝር አዘጋጅቶ ባወጣ ጊዜ፥ የት እንዳሉ የማይታወቁ የነበሩት መጻሕፍት ለመላው የዓለም ምሁር ተገለጡ።

ይህ ታሪክ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ጄምስ ብሩስ ከአገራችን የወሰዳቸውን የብራና መጻሕፍት በ1843 የገዛው ይኸው ቦድሊያን ነው። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ሰብሳቢውን እናመስግን፤ ነገር ግን ሣጥን መጽሐፍን ከእሳት ያድናል እንጂ አያስነብብም። ዝርዝሩን የሚጽፍና በሩን የሚከፍት ሰው ከሌለ የሰብሳቢው ድካም ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሥራ ደግሞ ባለጸጋ መሆንን አይጠይቅም፤ የተማረ ሰውን ይጠይቃል።