ግሬስ ሆፐር

ሪር አድሚራል ግሬስ ብሩስተር መሪ ሆፐር (ኅዳር 30 ቀን 1899 ዓ.ም. – ታኅሣሥ 22 ቀን 1984 ዓ.ም.) አሜሪካዊት የሒሳብ ሊቅ፣ የኮምፒውተር ሳይንቲስትና የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። በተለይ የሚታወቁት ኮምፓይለር የተባለውን የፕሮግራም ዓይነት ከፈለሰፉት ቀደምት ባለሙያዎች አንዷ በመሆናቸው፣ ለኮቦል ቋንቋ መሠረት በመጣላቸውና የኮምፒውተርን ፍጥነት በሽቦ ቁራጭ በማስተማራቸው ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ሆፐር የተወለዱት በኒው ዮርክ ከተማ ነው። በ7 ዓመታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ብለው በቤት ውስጥ የነበሩትን 7 ሰዓቶች በየተራ እንደፈቱ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከየል ዩኒቨርሲቲ በ1930 ማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ከ1931 ጀምሮ በቫሳር አስተምረዋል።

ማርክ 1

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በ1943 የባሕር ኃይሉን ተጠባባቂ ጦር ተቀላቀሉ። ክብደታቸው ከተወሰነው በታች ስለነበር በልዩ ፈቃድ ነው የገቡት። በ1944 ሃዋርድ ኤይከን ይመሩት ወደነበረው የሃርቫርድ ማርክ 1 ኮምፒውተር ተመደቡ። ማርክ 1 ርዝመቱ 15 ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ ሰከንድ 3 ቁጥሮችን ይደምር ነበር፤ አንድ ማባዛት 6 ሰከንድ፣ አንድ ማካፈል ደግሞ 15 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ፕሮግራም አዘጋጁ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የሚጠፋውን ጊዜ ቁጭ ብሎ መቁጠር ይችል ነበር።

በ1947 የማርክ 2 ባለሙያዎች በአንድ ሪሌ ውስጥ የሞተች የእሳት እራት አግኝተው በመዝገብ ላይ ለጥፈዋታል። ሆፐር ይህን ታሪክ ደጋግመው በመናገር አስተዋወቁት እንጂ ነፍሳቷን ያገኙት እሳቸው አይደሉም። ለማሽን ብልሽት ባግ የሚለው ስያሜም ከዚያ በፊት የነበረ ነው።

ኮምፓይለርና ኮቦል

በ1949 ዩኒቫክ 1ን ይሠራ ወደነበረው የኤከርትና ሞክሊ ኩባንያ ገቡ። በ1952 ኤ-0 የተባለውን ኮምፓይለር አዘጋጁ። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ኮምፒውተር ማስላት እንጂ ፕሮግራም መጻፍ አይችልም ብለው ያምኑ ስለነበር ሐሳቡ ቶሎ ተቀባይነት አላገኘም። የሆፐር ክርክር ግን መቆጠር ያለበት ማሽኑ የሚሠራበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሰው ፕሮግራሙን ለመጻፍና ስሕተቱን ለማረም የሚያጠፋው ሰዓትም ጭምር ነው የሚል ነበር። ቀጥለው ፍሎው-ማቲክ የተባለውን ለእንግሊዝኛ የቀረበ ቋንቋ ሠሩ። በ1959 የኮቦል ዝግጅት ሲጀመርም አማካሪ ሆኑ፤ ኮቦል ከፍሎው-ማቲክ ብዙ ወርሷል።

የፍተሻ ፕሮግራሞች

በ1966 መጨረሻ ከባሕር ኃይሉ በጡረታ ተሰናበቱ። ነገር ግን በ1967 ለ6 ወራት ተብለው ተጠሩና እስከ 1986 ቆዩ። ችግሩ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ዓይነት ኮቦል ይሸጥ ስለነበር በአንዱ ማሽን የሠራ ፕሮግራም በሌላው አለመሥራቱ ነው። በሆፐር የሚመራው ክፍል ኮምፓይለሮችን የሚፈትሹ ፕሮግራሞች አዘጋጀ። እነዚህ ፕሮግራሞች በሚፈተሸው ኮምፓይለር ተተርጉመው ይሠራሉ፤ ውጤታቸውም በደረጃው መሠረት ከሚጠበቀው ጋር ይነጻጸራል። በዚህም የአምራቾቹ ቋንቋዎች እየተቀራረቡ ሄዱ። በ1980ዎቹ ፍተሻውን የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ተረከበ።

የናኖሰከንድ ሽቦ

ኮምፒውተሮች እየፈጠኑ ሲሄዱ የሥራቸው ጊዜ በሰው ስሜት የማይያዝ ሆነ። ሆፐር አንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ ቢሊዮንኛ፣ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ሽቦ ያድሉ ነበር። ይህ ብርሃን በዚያች ቅጽበት የሚጓዘው ርቀት ነው። ለማይክሮሰከንድ ደግሞ 300 ሜትር ገደማ የሆነ ጥቅል ሽቦ ያሳዩ ነበር። ለጦር አዛዦች በሳተላይት የሚላክ መልእክት ለምን እንደሚዘገይ ያስረዱበት ነበር፤ ለፕሮግራም አዘጋጆች ደግሞ ማይክሮሰከንድ ሲያባክኑ ምን እንደሚጥሉ እንዲያዩ ነው። በእርግጥም አንድ ማይክሮሰከንድ የሚያባክን ትእዛዝ ሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ሙሉ ሰከንድ ይበላል። ዛሬ ራስ-ሰር የሶፍትዌር ፍተሻዎች የሚፈጁት ጊዜ እየተለካ የሚመዘገበውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ በአንዱ ፍተሻ ላይ የማይታይ መዘግየት በሺህ ሲባዛ ሠራተኛውን ያስጠብቃል።

የመጨረሻ ዓመታት

ሆፐር በ79 ዓመታቸው በቦስተን በዩኤስኤስ ኮንስቲትዩሽን መርከብ ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ተሰናበቱ። ከዚያም እስኪሞቱ ድረስ ለዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን አማካሪ ነበሩ። በ1991 ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳይ ተሸለሙ። በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀብረዋል። ዩኤስኤስ ሆፐር የተባለው የጦር መርከብ በስማቸው የተሰየመ ሲሆን፣ በ2016 የፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳይ ከሞት በኋላ ተሰጥቷቸዋል።