ሰላሑዲንና የቁድስ ምሕረት

ውድ አንባቢ ሆይ! የሰው ይቅር ባይነት የሚመዘነው በደለኛው እጁ ሲገባ ነው። ብድሩን መመለስ ያልቻለ ሰው ዝም ቢል ትዕግሥቱ ይመሰገን ይሆናል እንጂ ምሕረቱ አይታወቅም። ለዚህ የሰላሑዲን አል-አዩቢን (ረሒመሁላህ) ሕይወት ተመልከት።

ሰላሑዲን በ532 ዓመተ ሒጅራ ኢራቅ ውስጥ በተክሪት ከኩርድ ቤተሰብ ተወለደ። ያደገው በሻም ምድር ነው። ከአጎቱ ከሺርኩህ ጋር ወደ ግብፅ ዘምቶ በኋላ የአገሪቱ ገዥ ሆነ። በ583 ዓመተ ሒጅራ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1187፣ የመስቀል ጦረኞችን ሒጢን ላይ ድል ነሥቶ ቁድስን ከበበ።

ጦረኞቹ በ1099 ከተማይቱን ሲይዙ ነዋሪዎቿን ፈጅተው ነበር። ስለዚህ ሰላሑዲን በሰይፍ ሊገባባት ምሎ ነበር። ይሁንና አዛዡ ባልያን፣ ምሕረት ከተነፈጉ ሙስሊም እስረኞችን እንደሚገድሉና መስጂደል አቅሷን እንደሚያፈርሱ አስታወቀ። ሰላሑዲንም ከአማካሪዎቹ ጋር መክሮ ቁጣውን ዋጠ። ቤዛው ለወንድ 10፣ ለሴት 5 ዲናር ተቆረጠ፤ የመክፈያው ጊዜም 40 ቀን ሆነ። ረጀብ 27 ቀን ከተማይቱ ስትያዝ የ1099ኙ እልቂት አልተደገመም። ወንድሙ አል-ዓዲል 1,000 ድሆችን ለምኖ ነጻ አወጣ፤ ሰላሑዲንም አረጋውያንን ያለ ቤዛ ለቀቀ። ሆኖም መክፈል ያቃታቸው ብዙዎች በባርነት ተወስደዋል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም።

ምሕረት ዋጋ ያስከፍላል። በየከተማው እጅ ሰጥተው በሰላም የተለቀቁት ወደ ሱር ሄደው ተጠናከሩ፤ የአውሮፓ ነገሥታትም መጥተው በ1191 ዓካን ነጠቁት። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል አሲር በዚህ ወቅሶታል። ሰላሑዲን ግን ከዚህ ሁሉ በኋላም ልቡን አላጠጠረም፤ በ1192 በተደረገው ስምምነት ክርስቲያን ተሳላሚዎች ቁድስን በሰላም እንዲጎበኙ ፈቀደ። በ589 ዓመተ ሒጅራ ደማስቆ ላይ ሲሞት ከግምጃ ቤቱ የተገኘው 47 ዲርሃምና አንድ የወርቅ ዲናር ብቻ ነበር።

አንባቢ ሆይ! አንተ ከተማ አልከበብህም። ነገር ግን መክፈል ያቃተው ባለዕዳ፣ በውርስ የተጣላህ ወንድም ወይም ድንበርህን የገፋ ጎረቤት አንድ ቀን እጅህ ይገባል። ያን ጊዜ ምሕረትህ ሊያጎድልብህ እንደሚችል እያወቅህ ማር። አላህ ችለው ይቅር ከሚሉት ያድርገን። አሚን።