ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እና የፍትሐዊ ግብር መለኪያ

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1886 በዐድዋ አካባቢ ተወልደው በልጅነታቸው በምፅዋ በኩል ወደ አውሮፓ ተሻገሩ፤ ትምህርታቸውንም በዚያ ተከታተሉ። በመንግሥት አገልግሎት የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ።

በዘመኑ ገባሩ ከአሥራት ሌላ ማር፣ ድርጎና የጉልበት ሥራ ለመልከኛው ያቀርብ ስለ ነበር፣ ከምርቱ የሚተርፈውን አስቀድሞ ማስላት አይችልም ነበር። ገብረ ሕይወት እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ግብር በታወቀ ልክ ተተምኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ የመንግሥት ሀብትም ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ አሳሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1919 ዐረፉ፤ ሀብትን ከሥራና ከዕውቀት ጋር ያያያዙበት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

ሀብታም ማን ነው የሚለው የዛሬ ክርክር በአብዛኛው በቁጥር ላይ ያተኩራል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የተሻሻለው ሕግ ከፍተኛውን የ35 በመቶ ምጣኔ የጣለው ከ14,000 ብር በላይ በሆነው ወርኃዊ ደመወዝ ላይ ነው። የነጋድራሱ ሐሳብ ግን ከቁጥሩ የሚቀድሙ ሁለት መመዘኛዎችን ያመለክታል፤ እነርሱም ከፋዩ ዕዳውን አስቀድሞ ማወቁና የተሰበሰበው ገንዘብ የሕዝብ መሆኑ መረጋገጡ ናቸው። እነዚህ ካልተሟሉ የገቢው ወለል የትም ቢሰመር ግብሩ ፍትሐዊ ሊባል አይችልም።